በአንዱ ልነሳ?

ሰኞ ማታ

ይሄን ደብተር የሰጠኝ ጋሼ ነው፣ የቀረፃ ቤቱ ባለቤት። ማሽኑ በየቀኑ ምን እንደሆነ ጻፍበት አለኝ። ማሽን ምን ይሆናል? ይነሳል፣ ይሠራል፣ ይጠፋል። አለቀ። የቀረው ወረቀት ባዶውን ከሚያረጅ የራሴን ብጽፍበት ማን ይከሰኛል? ጋሼ እንደሆነ አያነብም። ድምፅ ሲቀዳ ኖሮ ኖሮ ሰውዬው በሙሉ ጆሮ ሆኗል፣ ዓይኑ ለጌጥ ነው። አንተ የምለውም ራሱ "አንቱ ስትለኝ አረጃለሁ" ስላለኝ ነው እንጂ ባለጌ ሆኜ አይደለም።

ስለ እኔ። ትምህርት ስምንተኛ ላይ ተውኩት፣ እሱም ተወኝ፣ ተስማምተን ነው የተለያየነው። እዚህ ኬብል እጠቀልላለሁ፣ ማይክ እተክላለሁ፣ ጠዋት ማሽኑን አስነሳለሁ። ማስነሳቱ ነው ዋናው። ጋሼ ማታ ማታ መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ እንዳያቃጥልብን ብሎ ያጠፋዋል። ጠዋት እኔ ከሌለሁ ከነጆሮው ቁጭ ነው።

ማሽኑ ሆዱ ውስጥ ሁለት ዲስክ አለው። የገጠመው ኮምፒውተር ሠሪ ቃል ከአፉ ሲወጣ ጥርስ የሚነቀል ይመስለዋል፣ ቁጥቡ ነው የምለው። "አንዱ ላይ የተጻፈ ሌላውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ" ብሎ ሄደ። ስማቸው ዜሮ እና አንድ ነው። ዜሮ ብሎ ስም የት ነው ያለው? መንታ ከሆኑ ቀድሞ የወጣው ታላቅ ነው። ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩባቸው። ላይኛው ታላቅ፣ ታችኛው ታናሽ። ቁጥቡ ሲያይ ፈገግ አለ፣ ለሱ ንግግር ማለት ነው።

ዛሬ አዲስ ሥራ መጣ። የአውቶቡስ መናኸሪያ በድምፅ ማጉያ የሚናገሩት ሴትዮ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ነው። ሐኪሙ ድምፅዎ አይመለስም ብሏቸዋል። መናኸሪያው ደግሞ ሌላ ድምፅ አልፈልግም አለ። ስለዚህ ሴትዮዋ ቃሉን ሁሉ እኛ ጋ ይናገሩታል፣ ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ በሩን። ከዚያ በኋላ ቃሉ እየተገጣጠመ በማጉያው ይነገራል። ጋሼ ጠርቶኝ "ይሄ ከጠፋ የሚደገም አይደለም" አለኝ። እኔ እያለሁ ምን ይጠፋል።


ረቡዕ

ቁጥር ጀመርን።

ሴትዮዋን እትዬ መናኸሪያ ብያቸዋለሁ። ድምፃቸውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፣ ፊታቸውን ግን ማንም አያውቅም። አጭር፣ ሹራብ የለበሱ፣ ጃንጥላ የያዙ። ሲገቡ ሰፈር ውስጥ ያለች አንዲት ሴትዮ መሰሉኝ። "እንደምን አደራችሁ" ሲሉ ግን አውቶቡስ ሊያመልጠኝ መስሎኝ ቦርሳዬን ፈለግኩ።

እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ነው የሚሉት። አንዴ ከኋላው ሌላ ቃል እንዳለ፣ አንዴ ደግሞ ነገሩ እዚያው እንዳለቀ። ጋሼ የሚቀጥል እና የሚዘጋ ይላቸዋል። እውነቱን ለመናገር ቀላል ነው፣ እኔም እችላለሁ አልኩ። እትዬ ማይኩን ለቀቁልኝ።

"በል ሰባትን ዝጋልኝ።"

አልኩ። ጎላ አድርጌ።

"አልተዘጋም። ንፋስ ይገባል" አሉ። ጋሼ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ጉራው ሆነ። ጉራው ውሃ አምጣ፣ ጉራው ወንበሩን አታንቋቋው። ግድ የለኝም፣ ስም የሚወጣለት የታወቀ ሰው ነው።

ብዙ አይችሉም። ትንሽ ይሉና ድምፃቸው ይሻክራል፣ ያርፋሉ። ሥራው ክረምቱ እስኪወጣ የሚደርስ አይመስለኝም ግን አላልኩም።


ዓርብ ማታ

ታላቅ ወንድሜ መጣ። ሌላ አገር ሾፌር ነበር፣ ከመኪናው ጋር ተጣልቶ ይሁን ከባለመኪናው አልገባኝም። ስንት ዓመት ጠፍቶ በአንድ ሻንጣ። እማዬ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ክፍሌን ሰጠችው። "ላንተ ሶፋው አለ" አለችኝ። አለ። እኔ ራሴ እግሩን የቸነከርኩት ሶፋ።

ራት ላይ እጄን ሰደድኩ። እማዬ መታ አደረገችኝ። "ታላቅህ እያለ? ሰብስብ።" ደንብ ደንብ ነው፣ ሰበሰብኩ። እስከ ትናንት ግን መድኃኒቷን ማን ነበር የሚያመጣው፣ ጣራው ላይ ማን ነበር የሚወጣው ብዬ አልጠየቅኩም። ማን ምን ይፈልጋል።

ወንድሜ ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ እንዴት ነው አለ። ልብስ ሰፊው ከሞተ ቆይቷል። እማዬ ዓይኗን ሰበረች። "አላወቀም። አልነበረም" አለች፣ ለኔ።


ቅዳሜ

ወንድሜን ቀረፃ ቤት ወሰድኩት። ምን እንደምሠራ ይይ። ጋሼ አልነበረም። ማይኩን አሳየሁት፣ መስታወቱን አሳየሁት፣ አልደነቀውም። ከዚያ የማሽኑን ጎን ፈትቼ ሆዱን ከፈትኩለት። እጄን ውስጥ ከትቼ ይሄ ታላቅ ነው፣ ይሄ ታናሽ ነው፣ ይሄ ሽቦ ከዚህ ይመጣል፣ እያልኩ ነካካሁለት። እኔ ነኝ የማስነሳው አልኩት።

"በቁልፍ ነው?" አለ።

"በቁልፍ ነው" አልኩ። ለሱ ሁሉ ነገር መኪና ነው።

መልሼ ዘጋሁት። ቤት ስንደርስ ቁምሳጥኑን ዱሮ ወደነበረበት ግድግዳ ገፋው። እዚያ ጋ ቢሆን ይሻል ነበር እኮ አለ። እዚያ ጋ ያልሆነው ጣራው ስለሚያፈስ ነው። ልነግረው ነበር። አልጠየቀኝም።


ሰኞ ጠዋት፣ በጥድፊያ

ማሽኑ አልነሳም አለ። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ አንድ መስመር ላይ ቆሞ ብልጭ ብልጭ። እትዬ ደርሰዋል። ጋሼ ሻይ ላይ ነው። ቁጥቡ ስልክ አያነሳም። አነሳ።


ሰኞ ማታ

በሰላም አለፈ። እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

እንግሊዝኛው ገባኝ አልልም። ፊደል በፊደል በስልክ ለቁጥቡ አነበብኩለት። እሱ ሲተረጉመው እንዲህ ነው፦ አንዱ የለም፣ በአንዱ ልነሳ?

"እና ምን ልበለው?"

"ዋይ ምታ።"

መታኋት። ተነሳ። ኪቦርድ ላይ ካሉት ፊደሎች ሁሉ አሁን የኔዋ እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ዋይ እያሉ ሥራ መጀመር ለሌላ ሰው ሟርት ነው፣ ለኔ ሙያ ነው።

ካልጠየቅከው ደግሞ አይነግርህም፣ ስለዚህ ጠየቅኩት፣ ለምን ዝም ብሎ አይነሳም አልኩት። "ሰው እንዲያውቅ ነው" አለ። ቀጥሎ ለሱ ረጅም የሚባለውን ንግግር አደረገ። በአንድ እግሩ ነው የቆመው፣ የምትቀዱትን ሌላ ቦታ ላይም ገልብጡ፣ ቅዳሜ አዲስ ዲስክ ይዤ እመጣለሁ። የታላቁ መብራት ጠፍቷል፣ የታናሹ ይበራል። መብራት ኃይል ነው ያቃጠለው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

ጋሼ ሲገባ እየሠራ ነው። ስክሪኑ ላይ ምን ነበር የሚለው አለ። "እንደምን አደርክ ነው የሚለው፣ እኔ እመልስለታለሁ" አልኩት። ሳቀ። ለምን ላስጨንቀው?

ዛሬ እትዬ የመዘግየቱን ክፍል ሠሩ። "ዘግይቷል" ሲሉ አምስት ስድስት ጊዜ አስደጋገማቸው ጋሼ። "ይቅርታ እንጠይቃለን" የምትለዋን ግን በአንድ ትንፋሽ ጨረሷት፣ ለደንቡ አንዴ ደገሟት። ጋሼ ከጆሮው ላይ ማዳመጫውን አንስቶ እንዴት እንዲህ ወጣችልሽ አላቸው።

"ባል ነበረኝ እኮ" አሉ። "እሱ የማያውቃትን ቃል ስለ ሁለታችን እኔ ነበርኩ የምላት።"

ቅጂውን ነገ።


ሐሙስ

በሮቹን ሠሩ። "በሁለተኛው በር በኩል።" "ዕቃችሁን አትርሱ።" "ልጆቻችሁን በእጃችሁ ያዙ።" ይቺን ሲሉ ባዶውን ክፍል በዓይናቸው ይፈልጋሉ፣ ልጅ የጠፋ ይመስል።

ዋይ። ተነሳ።

ቅጂ ነገ። ዛሬ ኬብል በዝቶብኝ ነው።


ቅዳሜ

ቁጥቡ አልመጣም። ገጠር ያሉት አባቱ ታመውበታል። ስልኩ ላይ "ገለበጣችሁ?" አለኝ። "ስንቴ" አልኩት።

የማን ቤት ነው በአንድ እግር የማይቆም? እማዬና እኔ በአንድ እግር አይደለም እንዴ ስንቆም የኖርነው፣ ማን ገልብጦን ያውቃል።

ዘነበ። ቁምሳጥኑ ውስጥ ውሃ ገባ። የእማዬ ጥሩው ቀሚስ ተበላሸ። ወንድሜ ቆሞ ጣራውን ያያል። "ዱሮ አያፈስም ነበር" አለ። ዱሮማ።


ማክሰኞ

ዋይ። እትዬ ዛሬ ጥቂት ቃል ብቻ። ደም የሚመስል ነገር መሀረባቸው ላይ አየሁ፣ ቶሎ አጥፈው ደበቁት፣ እኔም ወደ ኬብሌ ዞርኩ።

ጋሼ ማይኩን አይዘጋውም። በቃልና በቃል መሀል የሚያወሩትንም ይቀዳዋል፣ ሲስሉ፣ ሲቀልዱ፣ እኔን ሲቆጡኝ። ለምን አልኩት። "እሱም ድምፅ ነው" አለ።


ሌላ ሰኞ

ቁጥቡ አሁንም ገጠር። እኔ ግን ሳልነግር የቀረሁት ፈርቼ አይደለም። ለጋሼ ብነግረው ሥራው ይቆማል፣ ሥራው ከቆመ ቀኑ ያልፋል፣ ቀኑ ካለፈ ጉሮሮው አይጠብቅም። አስቤበት ነው። እንዲህ የሚያስብ ሌላ ሰው እዚህ ቤት የለም።

ዋይ።

ቅጂ። የምገለብጥበት ዲስክ መግዛት አለብኝ። ነገ።


ሐሙስ ማታ

ጨረሱ። ነገ ሆስፒታል ይገባሉ።

የመጨረሻዋ ቃል "መልካም ጉዞ" ነበረች። ጋሼ አስደግሟቸው አስደግሟቸው፣ ድምፃቸው ሲሰነጠቅ እጁን አነሳ። ትልቅ ለቅሶ ምናምን የሚኖር መስሎኝ ነበር። የለም። ሹራባቸውን ቆለፉ። ማይኩ አሁንም ክፍት ነው።

"ጨረስኩ" አሉ። "ጉራው፣ መብራቱን አጥፋ።"

አጠፋሁ። በድምፃቸው የሰማኋት የመጨረሻዋ ነገር ይቺ ናት። ለኔ የተባለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይጽፋታል ብዬ ነው የጻፍኩት።


እሁድ

መጀመሪያ ጥሩውን።

ቤት ውስጥ መቀመጫ የለም፣ ወንድሜ ከነጓደኞቹ። ቁልፉን ይዤ ቀረፃ ቤት ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ገደማ። ማሽኑን ከፍቼ ታላቁን ሳየው ሽቦው ከመሰኪያው ወጣ ብሏል። ለካ አልሞተም። አይጥ ትሆናለች። ገፋ አደረግኩት፣ ቀጭ አለ። አስነሳሁ። የታላቁ መብራት በራ። እዚያው ብቻዬን አጨበጨብኩ። ቁጥቡ በገጠር፣ ጋሼ በጆሮው፣ እኔ በእጄ።

ከዚያ ማሽኑ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። አዲስ ነው። ዜሮና አንድ ጎን ለጎን ተጽፈዋል፣ በመሀላቸው ቀስት። አሁንማ ማንበብ ለምጃለሁ። ሁለቱ አይመሳሰሉም ነው የሚለው፣ ከየትኛው ወደ የትኛው ልገልብጥ?

ለዚህ ኮምፒውተር ሠሪ አያስፈልግም። ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም። ዜሮን መታሁ። እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ። እኔ መቼ እርግጠኛ ሳልሆን ቀርቼ አውቃለሁ። ዋይ።

መገልበጥ ጀመረ። ቁጥሩ እያደገ። እግሬን ጠረጴዛው ላይ ሰቀልኩ።

ስልክ ጮኸ። ቁጥቡ ነው፣ ከገጠር እየተመለሰ።

"ምን ላይ ናችሁ?"

"ጨርሼልሃለሁ። አዲሱን ዲስክህን ለሌላ ሽጠው። ታላቁን አስነስቼዋለሁ፣ አሁን እየገለበጠ ነው።"

 ቁጥቡ ጮኾ አያውቅም፣ አሁን ጮኸ።

"ከየትኛው ወደ የትኛው?"

"ከታላቁ ወደ ታናሹ ነዋ።"

"ንቀለው።"

"ምኑን?"

"ከግድግዳው። አሁን። ንቀል።"

ነቀልኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዝናቡን የሰማሁት ያኔ ነው፣ ለካ ሲዘንብ ነበር።

ሌላውን በኋላ ነው ያስረዳኝ። ታላቁ ሽቦው የወጣ ቀን ቆሟል። ከዚያ ወዲህ እትዬ ያሉትን ሁሉ የያዘው ታናሹ ብቻ ነው። እኔ የቆመውን አንስቼ በሠራው ላይ እያስጻፍኩበት ነበር።

"ታላቁ ነው ብዬ" አልኩት።

"አልነበረም" አለ ቁጥቡ። "ያልነበረ እንዴት ያውቃል?"

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቤት ሄጄ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አላቅቄ ወደነበረበት፣ ማለት እኔ ወዳስቀመጥኩበት መለስኩት። ወንድሜ ጓደኞቹን እየሸኘ ነበር። ማንም አላገዘኝም፣ ማንንም አልጠራሁም።


ሰኞ

ቁጥቡ ከነጭቃው ከአውቶቡስ ወርዶ ቀጥታ መጣ። ጋሼ ቆሟል። ቁጥቡ ታላቁን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ፕላስተሩ ወደ ላይ። ታናሹን ብቻውን ተወው። አስነሳ። ጥቁር ስክሪን።

አንዱ የለም። በአንዱ ልነሳ?

ቁጥቡ ወደኔ ኪቦርዱን ገፋው። "ምታ" አለ።

እጄ በርዶኝ ነበር፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። መታሁ። ቆየ። ከሌላው ቀን ይልቅ ቆየ። ተነሳ።

ቁጥቡ በመጀመሪያ ሁሉንም ሌላ ቦታ ላይ ገለበጠው። ያ ነገ ነገ ስለው የነበረው ሥራ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ አለቀ። ከዚያ ጋሼ ማዳመጫውን አጥልቆ አንድ በአንድ መስማት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ። ቁጥሮቹ አሉ፣ እነሱ ቀድሞም ሁለቱም ላይ ነበሩ። በሮቹ አሉ። ዕቃችሁን አትርሱ አለ። ዘግይቷል አለ። እኔ ከኋላው ቆሜ ትከሻውን ነው የማየው።

አንድ ቦታ ላይ ትከሻው ቆመ። መለሰው። እንደገና። ለኔም ሰጠኝ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ ብቻ።

ግልበጣው ከፊት ነው የሚጀምረው። ቁጥቡ እንዳለው ማሽኑ የሚያስቀምጠው በተቀዳበት ተራ ሳይሆን ባገኘው ባዶ ቦታ ነው፣ ግልበጣው የደረሰውም እሷ ያለችበት ድረስ ነው። "ይቅርታ እንጠይቃለን" ሁለቱም ጠፍተዋል። ሌላ ምንም አልጠፋም። "ጉራው፣ መብራቱን አጥፋ" እንኳን አለች።

ቁጥቡ ዕቃውን እየሰበሰበ "ዜሮን ማን ነው የመረጠው?" አለ፣ ማንንም ሳያይ።

"መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ ጀመረ" አልኩ።

ቁጥቡ አዲሱን ዲስክ ከቦርሳው አወጣ። ጋሼ ግን ሰማኝ። የሰማኝ በዚያ ጆሮው ነው፣ የሚቀጥልና የሚዘጋ ቃል በሚለይበት።

አዲሱ ዲስክ ገባ። ቁጥቡ ፕላስተር ስጠኝና ስም አውጣለት አለኝ። ይቅርብኝ አልኩት።


ዓርብ

ጋሼ እስካሁን አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ምን እንደምመልስ አዘጋጅቻለሁ፣ ግን አይቆጣም። "ኬብሉን ጠቅልል" ይላል፣ እጠቀልላለሁ።

ማሽኑ ጠዋት ሳይጠይቅ ተነሳ። ጣቴ ዋይ ላይ ተቀምጣ ነበር።


ሮብ ይሁን ሐሙስ፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት

እትዬ መጡ። አንገታቸው ላይ ሻርፕ። ከስተዋል። እንደምን ዋላችሁ በእጃቸው አሉ።

ጋሼ ሁሉንም ነገራቸው፣ ሳያሳምር። የጠፋችው ይቺ ብቻ ናት፣ መናኸሪያውን አስፈቅጄ ሌላ ሴት አምጥቼ አናግራለሁ፣ እንዳንቺ ባይሆንም አለ። ማዳመጫውን ሰጣቸው። ራሳቸውን ሰሙ። ፊታቸው ላይ የማነበው ነገር አልነበረም፣ ሌላ ሰው የሚያዳምጡ ነው የሚመስሉት። ዝናቡ ጋ ሲደርሱ ብቻ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሌላ ሴት የሚለውን እምቢ አሉ። ጣታቸውን ቀሰሩ። ከኋላዬ ማን አለ ብዬ ዞርኩ፣ ግድግዳ ነው።

"እሱ?" አለ ጋሼ። "እሱ ሰባትን መዝጋት ያቃተው?"

ጣታቸው አልወረደም።

እውነት ለመናገር አልገረመኝም። ድምፄ ጥሩ ነው፣ ሌላ ሰው ነው የዘገየው። መስታወቱ ውስጥ ገባሁ። እሳቸው የጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ማዳመጫውን አደረጉ፣ እጃቸውን አነሱ።

"ይቅርታ እንጠይቃለን!"

መዳፋቸውን ወደ ታች አደረጉ። ዝቅ። ዝቅ አድርጌ አልኩ። ራሳቸውን ግራ ቀኝ ነቀነቁ። ፈጠን አድርጌ። አይ። ጋሼ በማጉያው "ዕዳ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው፣ ቃሉን አትወርውረው" አለኝ። ሳቅ ብዬ አልኩት፣ እትዬ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፣ ጠበቁ፣ መልሰው አደረጉት። ስንቴ እንዳልኩት አላውቅም። ላብ በላብ ሆንኩ። ሁለት ቃል ናት እኮ። እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ያሏት።

ከዚያ ደከመኝ። ማሳመሩን ተውኩት። እትዬ ሻርፓቸው ላልቶ ያስተካክሉት ነበር፣ ከሥሩ ፋሻው ታየኝ። ወደ ማይኩ ሳይሆን ወደዚያ እያየሁ አልኩት።

ጋሼ እጁ አዝራሩ ላይ ቀረ። እትዬ አልነቀነቁም። ማዳመጫውን አወረዱ፣ ተነሱ፣ በሩን ከፍተው እኔ ያለሁበት ክፍል ገቡ። የሆነ ነገር የሚሉ መስሎኝ ቆምኩ። እጃቸውን ከጎኔ አሻግረው መብራቱን አጠፉ።


ቅዳሜ

ወንድሜ ሄደ። ሌላ ከተማ መኪና አግኝቷል። ሻንጣውን ተሸክሜ መናኸሪያ ሸኘሁት። እማዬ ከቤት ነው የተሰናበተችው፣ መንገድ ላይ ማልቀስ አትወድም።

ቆመን ሳለ "ቁምሳጥኑ እኮ በምክንያት ነበር ያለቦታው የሆነው" አለኝ። "ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅከኝም።"

"ታላቅ ሲሳሳት ይነገረዋል እንጂ ይጠበቃል?"

መልስ ነበረኝ። ግን ከማጉያው እትዬ መናኸሪያ ጀመሩ። ድምፃቸው ሙሉ ነው፣ እንደ ዱሮው፣ የጉሮሮ ነገር የሌለበት። የወንድሜን አውቶቡስ ቁጥር ጠሩ። ዘግይቷል አሉ። ከዚያ ትንሽ ክፍተት፣ እንደ ትንፋሽ። ከዚያ እኔ።

ይቅርታ እንጠይቃለን።

ወንድሜ ወደ ማጉያው አየ፣ ወደኔ አየ። "አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። ከተማው ሁሉ ነው የሚሰማኝ። በቀን ስንቴ እንደሚያጫውቱኝ ታውቃለህ?"

"ድምፅህ ያንተ አይመስልም" አለ። ቀጥሎ ደግሞ "ማንን ነው ይቅርታ የምትለው?" ብሎ ሳቀ።

"መንገደኛውን ነዋ። ሌላ ማንን?"

አንገቴን ይዞ ወዘወዘኝ፣ ልጅ ሆነን እንደሚያደርገው። አውቶቡሱ መጣ፣ ሻንጣውን አቀበልኩት፣ ሄደ። እማዬ ቶሎ ና ብላኝ ነበር። ክፍሌ ተመልሶልኛል፣ አንሶላ የሚቀየር አለ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ በሩን ተናገሩ፣ ዕቃችሁን አትርሱ አሉ፣ ልጆቻችሁን ያዙ አሉ። ሰው ይወጣል፣ ይገባል፣ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ጠበቅኩ።

ሌላ አውቶቡስ ዘገየ።